የጃዝ አፍሪካዊ ሥር፦ በመድረክ ላይ ለሰሚ እንዴት ይገለጣል?

ጨርቆስ ድራመር፦

ሰላም ለሁላችሁም። ለሙዚቃ ተማሪዎች የጃዝን አፍሪካዊ ምንጭ የሚያሳይ የ40 ደቂቃ ዝግጅት እያሰናዳን ነው። አምስት ሰው ነን፦ ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎንና ድምፃዊ። «ጃዝ ከአፍሪካ ነው» ብሎ ኮንጋ መደብደብ ቀላል ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን ተማሪው ነገሩን በጆሮው ለይቶ እንዲይዘው ነው።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። በጃዝ ውስጥ ከአፍሪካ መጣ ብለን አፋችንን ሞልተን የምንናገርለት በትክክል የቱ ነው? የምዕራብ አፍሪካን የ12 ምት ደወል በድራም ሴት ላይ ለማምጣት ልምምዱ ከየት ይጀመራል? የምንጫወተው ሁሉ ወይ ወደ ችክችካ ይሄድብናል ወይ ወደ ቫልስ። ሦስተኛ፣ ብሉዝን ከባቲ ወይም ከትዝታ ጋር አያይዘን ብናቀርብ ስህተት ይሆንብናል?


አትላንታ ሳክስ፦

ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ሰው «ከበሮ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ ግን ያሳስታል። የጃዝ አባቶች በተወለዱበት አገር ከበሮ በብዙ ቦታ የተከለከለ ዕቃ ነበር። በደቡብ ካሮላይና በ1739 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የስቶኖ አመፅ ሲነሣ አመፀኞቹ ከበሮ እየመቱ ነበር የተጓዙት። በማግስቱ ዓመት፣ በ1740፣ የወጣው ሕግ ባሪያ ከበሮና ቀንደ መለከት እንዳይዝ ከለከለ። ስለዚህ ባሕሩን ተሻግሮ የተረፈው ዕቃው ሳይሆን አሠራሩ ነው። ምቱ ከቆዳ ወርዶ ወደ መዳፍ፣ ወደ ጭን፣ ወደ ደረትና ወደ እንጨት ወለል ገባ።

አሠራሩ ሳይበረዝ የሚታየው «ሪንግ ሻውት» በሚባለው የጸሎት ዙር ላይ ነው። በጆርጂያና በደቡብ ካሮላይና ጠረፍና ደሴቶች የሚኖሩት የጋላ ጊቺ ሰዎች ጠብቀውታል፤ በጆርጂያ ማኪንቶሽ ካውንቲ እስከ ዛሬ የሚያቀርቡት አሉ። የሥራ ክፍፍሉ ለዝግጅታችሁ ስለሚጠቅም በዝርዝር ልንገራችሁ። አውራጁ መስመሩን ያወጣል። ተቀባዮቹ ከጎኑ ቆመው እያጨበጨቡ ይመልሱለታል። አንድ ሰው ተቀምጦ በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን ይመታል። የቀሩት ደግሞ ክብ ሠርተው፣ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ፣ እግራቸውን ከመሬት ብዙም ሳያነሡ እየጎተቱ ይዞራሉ። እግር ከእግር ማጣመር ክልክል ነው፤ ከተጣመረ ጭፈራ ይሆናል፣ ጭፈራ ደግሞ ለእነሱ ኃጢአት ነው። የዙሩን አቅጣጫ ብዙ አጥኚዎች የኮንጎ ሕዝቦች ስለ ፀሐይ፣ ስለ ሙታንና ስለ ሕያዋን ካላቸው እምነት ጋር ያገናኙታል።

የዱላው ምት በአብዛኛው 3-3-2 ነው። እስከ 8 ቆጥራችሁ 1ን፣ 4ንና 7ን ብትመቱ አገኛችሁት። ይኸው ቅርጽ በካሪቢያንም፣ በኒው ኦርሊንስም፣ በአንዳንድ ራግታይም (ከጃዝ የቀደመ የፒያኖ ስልት) ሥራዎችም አለ። የኒው ኦርሊንሱ ፒያኒስት ጄሊ ሮል ሞርተን በ1938 ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲቀዳ «የስፓኒሽ ቅመም» ብሎ የጠራው የግራ እጅ አጨዋወት የዚሁ ዘመድ ነው፦ 1፣ 4፣ 5፣ 7። ስፓኒሽ ይበለው እንጂ በኩባ በኩል የመጣ የአፍሪካ ምት ነው።

ስለ ኮንጎ አደባባይ ስትናገሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኒው ኦርሊንስ በ1817 ባወጣችው ደንብ ባሮች እሑድ እሑድ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ በተወሰነ ቦታ ብቻ እንዲሰበሰቡ ፈቀደች፤ ቦታው ዛሬ በሉዊ አርምስትሮንግ ፓርክ ውስጥ ነው። አርክቴክቱ ቤንጃሚን ላትሮብ በ1819 ያየውን ጽፏል፤ ሥሎታልም፦ በየክቡ የሚጨፍሩ ሰዎች፣ የተለያዩ ከበሮዎች፣ ከቅል የተሠራ ጫፉ ላይ የሰው ምስል የተቀረጸበት ባለ ገመድ መሣሪያ። ከዚያ በፊት በ1809 ከሄይቲ ሸሽተው በኩባ የቆዩ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎች ገብተው የከተማዋን ሕዝብ እጥፍ አድርገውት ስለነበር ካሪቢያን ራሷ እዚያ ነበረች ማለት ይቻላል። ነገር ግን «ከኮንጎ አደባባይ ጃዝ ወጣ» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የአደባባዩ ጭፈራ ከአሜሪካው የርስ በርስ ጦርነት በፊት ደክሞ ነበር፤ ከጃዝ ጀማሪዎች አንዱ የሚባለው በዲ ቦልደን ኮርኔቱን (አጭር መለከቱን) የነፋው ግን በ1890ዎቹ መጨረሻና በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። በመካከሉ ያለውን ግማሽ ምዕት ዓመት የሞሉት ቤተ ክርስቲያን፣ የቀብር ብራስ ባንድና የመንገድ ሰልፍ ናቸው። መንፈሳዊው ሥር ሲባልም ከዚህ ውጭ አይደለም፤ ምቱ በጸሎት ቤት ተደብቆ ነው የቆየው።

እንግዲህ አፋችሁን ሞልታችሁ የምትናገሩት ይህን ነው፦ ሳይለወጥ የሚደጋገም መሪ ምት፤ በላዩ የሚደራረቡ ሌሎች ምቶች፤ አውራጅና ተቀባይ፤ በፒያኖ ቁልፍ መካከል የሚወድቅ ድምፅ፤ መሣሪያን እንደ ሰው ማናገር። ይህን የመጨረሻውን ለማሳየት ሳክስፎኑ እየነፋ በጉሮሮው ያጉረምርም። በጃዝ መሪው በዱክ ኤሊንግተን ባንድ ቡበር ማይሊ በመለከቱ አፍ ላይ የቧንቧ መምጠጫ ጎማ እየከደነና እየገለጠ ያስለቅስ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው።

ሃርመኒውና አብዛኛው መሣሪያ የአውሮፓ ነው። ይህን መናገር ዝግጅታችሁን አያሳንሰውም።


ራይድና ሃይሃት፦

ሁለተኛው ጥያቄ የእኔ ነው። ደወሉ ይኼ ነው፤ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒንና ናይጄሪያ ውስጥ በብዙ ቦታ፣ በኩባም፣ በሄይቲም፣ በብራዚልም ይሰማል። «ደ» ምት ነው፣ ሰረዝ ዝምታ፦

ደ – ደ – ደ ደ – ደ – ደ – ደ

እግር ደግሞ እንዲህ ነው፦

እ – – እ – – እ – – እ – –

በቁጥር ደወሉ 1፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 ላይ፣ እግሩ 1፣ 4፣ 7፣ 10 ላይ ይወድቃል። ሁለቱን አስተያዩአቸው። ደወልና እግር የሚገናኙት በ1 እና በ10 ብቻ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው እግር ላይ ደወል የለም፤ ከእግሩ አንድ ቀደም ብሎና አንድ ዘግይቶ አለ። ሰው የሚጠፋው እዚያ ጋ ነው።

ወደ ቫልስ የሚሄድባችሁ ለዚህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደወሎች በሁለት በሁለት ስለሚራመዱ እግራችሁ ሳታስቡት 1፣ 3፣ 5 ላይ ይወርዳል። ለጊዜው ይጥማል። 6 ላይ ሲደርስ ደወሉ በድንገት ከእግሩ ያመልጣል፣ ከዚያ እስከ ዑደቱ መጨረሻ የሚመጣው ደወል ሁሉ በእግራችሁ መካከል ይወድቃል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ እግሩን ከማረም ይልቅ ደወሉን ያርማል፣ 6ን ወደ 7 ይገፋዋል። ያኔ ደወሉ ሞተ። ዑደቱን የሚያንቀሳቅሰው ያ የ5 እና የ6 ጥግግት ነው።

ወደ ችክችካ የሚሄደው በሌላ ምክንያት ነው። ችክችካም በ6 ስለሚቆጠር ግማሹ መንገድ ያው ነው፣ ለእኛ ጆሮም ጥቅም ነው፤ አሜሪካዊ ተማሪ ሦስት በሦስት መቁጠሩን ለመልመድ ወራት ሲፈጅበት እኛ ይዘነው እናድጋለን። ነገር ግን በችክችካ ከበሮው ዋናውን ምት በግልጽ ይመታዋል። በምዕራብ አፍሪካው አጨዋወት ዋናውን ምት ብዙ ጊዜ የሚመታው የተጫዋች እጅ አይደለም፣ የጨፋሪው እግር ነው። ስለዚህ የእኛ ድራመር የሌለውን ምት ለመሙላት ቤዝ ድራሙን ይደበድባል። አትደብድብ። እግርህን መሬት ላይ አንሣና ጣል፤ ፔዳሉን ለኋላ ተወው።

ልምምዱ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

መጀመሪያ ያለ መሣሪያ። ሜትሮኖሙን 40 ላይ አድርግ፣ እያንዳንዱ ጠቅታ የእግር ምት ይሁን። ቆመህ ግራ ቀኝ እየረገጥህ 3 በ2ን በጭብጨባ አውጣ፦ በ6 ቆጠራ እግር 1 እና 4፣ እጅ 1፣ 3፣ 5። ይህ ሳይቀመጥ ወደ ደወሉ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። የሚቀመጠው እየቆጠርክ ስትችል ሳይሆን እያወራህ ስትችል ነው፤ አጠገብህ ያለ ሰው ስም ቢጠይቅህና ሳትደናቀፍ ብትመልስ በቂ ነው።

ቀጥሎ ደወሉን በአፍ። እግር እየረገጠ አፍ ደወሉን ይበል። በእጅ ከመምታት በፊት በአፍ መምጣቱ የግድ ነው፣ እጅ ያጭበረብራል። አፍህ ሲጠና በካውቤል ያዘው። የጋና ኤዌዎች ጋንኮጊ የሚሉት ደወል ሁለት አፍ አለው፤ በአንዳንድ ጨዋታ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚመቱት በዑደቱ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። በካውቤል ይህንኑ ለማድረግ 1ን በአፉ ጠርዝ በዱላው አንገት፣ የቀሩትን በሆዱ ላይ በዱላው ጫፍ ምታ። ለጠፋ ሰው መመለሻ ምልክት ይሆነዋል።

ከዚያ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨምር። 60 ላይ ስትደርስ የሜትሮኖሙን ጠቅታ በግማሽ ቀንሰህ 30 አድርገውና ሁለተኛውና አራተኛው እግር፣ ማለትም 4 እና 10 ላይ አስቀምጠው። ይኼ ሃይሃትህ (በእግር የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) የሚዘጋበት ቦታ ነው። ደወሉን ራይድ (ትልቁ ሲምባል) ላይ፣ 4ንና 10ን ሃይሃት ላይ አድርገህ ቤዝ ድራሙን በ1፣ 4፣ 7፣ 10 በጣም ቀስ ብለህ ንካው፤ ባሲስቱ እንዲሰማው እንጂ አዳራሹ እንዲሰማው አይደለም።

አሁን ዝግጅታችሁ ላይ ልታሳዩት የምትችሉት ቆንጆ ነገር ይመጣል። የተለመደው የስዊንግ ራይድ በትሪፕሌት (እያንዳንዱ ምት በሦስት እኩል ተከፍሎ) ሲቆጠር 1፣ 4፣ 6፣ 7፣ 10፣ 12 ነው። ከደወሉ ጋር ብታስተያዩት 1፣ 6፣ 10 እና 12 የጋራ ናቸው። አንዱ ከሌላው ተወለደ አልልም፣ እንዲያ ብላችሁም አታስተምሩ። ነገር ግን እግሩንና ሃይሃቱን ሳትነካ ራይዱን ከደወሉ ወደ ስዊንግ፣ ከስዊንግ ወደ ደወሉ በየ4 ዑደቱ ስትቀያይር ተማሪው ዝምድናውን ያለ ማብራሪያ ይሰማዋል። 100 ገደማ ላይ ጥሩ ይሰማል። ከ200 በላይ አትሂዱ፤ ቴምፖው ሲፈጥን የስዊንጉ ትሪፕሌት እየተስተካከለ ስለሚሄድ ግንኙነቱ ይጠፋል።

የ3 በ2 ግጭት በጃዝ ውስጥ ጎልቶ እንዲሰማ ከፈለጋችሁ የኩባው ሞንጎ ሳንታማሪያ በ1959 ያስቀዳውን «አፍሮ ብሉ» ተጫወቱ። ባሱ በአንድ ዑደት 6 ይመታል፣ እግር 4 ነው። ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን በ1963 ሲጫወተው ወደ ሦስት ምት ስዊንግ ገለበጠው፤ ያኔ ባሱ የነበረው ዋና ምት ይሆናል፣ ዋናው ደግሞ ተቃራኒ። ሁለቱን አከታትሎ ማጫወት ብቻውን አንድ ትምህርት ነው።


ሰሜን ኮከብ፦

ሁላችሁም ምዕራብ አፍሪካ ምዕራብ አፍሪካ ትላላችሁ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከጃዝ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ጽናጽሉም ከበሮውም አለ፣ አውጪና ተቀባይም አለ። ለምን ከራሳችን አትጀምሩም?


አትላንታ ሳክስ፦

ሰሜን ኮከብ ወንድሜ፣ መቅደምና ማውረስ ይለያያሉ። ባሮቹን ወደ አሜሪካ የጫኑት መርከቦች የተነሡት ከአትላንቲክ ጠረፍ ነው፦ ከሴኔጋምቢያ፣ ከወርቅ ጠረፍ፣ ከቤኒን ባሕረ ሰላጤ፣ ከኮንጎና ከአንጎላ። በፈረንሳይ ዘመን ወደ ሉዊዚያና ከገቡት አብዛኞቹ የሴኔጋምቢያ ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ ኮንጎዎቹ በዙ። ከእኛ አካባቢ የተወሰደው ሰው በአመዛኙ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ዓረብ አገር ነው የሄደው። አውጪና ተቀባይ በሁለቱም መገኘቱ ዝምድና አያረጋግጥም፤ በዓለም ላይ የሌለበት ቦታ ጥቂት ነው።

የእኛ እውነተኛ በር ሌላ ነው፣ ኋላም የተከፈተ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተን በርክሊ ተምሮ፣ ኒውዮርክ ገብቶ፣ በ1966 የአፍሮ ላቲን ሥራዎቹን አወጣ። ቫይብራፎኑንና ኮንጋውን ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር ያዋሐደው እዚያ የላቲን ጃዝ ሙዚቀኞች መካከል ሆኖ ነው። ማለትም በኩባ በኩል የዞረው የምዕራብ አፍሪካ ምት አዲስ አበባ የገባው በአሜሪካ ዞሮ ነው። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ ኢትዮ ጃዝ የራሱ መልክ ነበረው። ይህን በዝግጅቱ መጨረሻ አድርጉት፤ መጀመሪያ ላይ ከመጣ ታሪኩ ይገለበጣል።


ባለ አምስት ገመድ፦

ስለ ባቲና ብሉዝ። እውነቱ ግማሽ ነው፣ ግማሹን ካወቃችሁት ይጠቅማችኋል።

ከሲ ብንነሣ ባቲ ማይነር ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው። ብሉዝ ተጫዋቹ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚለውም እነዚሁ አምስቱ ናቸው። ስለዚህ ባቲ የለመደ ጣት ብሉዝ ላይ የሚሳሳትበት ኖታ የለም፣ ያም ሆኖ ብሉዝ አይሆንለትም። ሁለት ምክንያት አለው።

አንዱ ሥር ያለው ኮርድ ነው። ብሉዙ የሚጀምርበት ኮርድ ሲ ሰባት ነው፤ ውስጡ ኢ ናቹራል አለ። ዘፋኙ በላዩ ኢ ፍላት ሲያወጣ የሁለቱ መፋተግ ነው ብሉዝን ብሉዝ የሚያሰኘው። ኪቦርዲስታችሁ ለባቲ ብሎ ሲ ማይነር ከያዘ ፍትጊያው ይጠፋል፣ ጥሩ ባቲ ይሆናል። ሁለተኛው ኢ ፍላት ራሱ ኢ ፍላት አለመሆኑ ነው። በኢ ፍላትና በኢ መካከል የሚንሳፈፍ፣ ዘፋኙ እንደ ቃሉ ስሜት የሚያወጣውና የሚያወርደው ድምፅ ነው። ሰባተኛውም እንደዚያው፣ አንዳንዴ አምስተኛውም። የምዕራብ አፍሪካ የሣር ምድር ዘፋኞችና ባለ ገመድ ተጫዋቾች አካሄድ ከዚህ ጋር ስለሚቀራረብ ነው ብሉዝን ከሴኔጋምቢያና ከኒጀር ወንዝ አካባቢ ጋር የሚያያይዙት። ባንጆም የመጣው ከዚያው ነው፣ የሴኔጋምቢያ ጆላዎች አኮንቲንግ የሚሉት ባለ ገመድ መሣሪያ ቅርብ ዘመዱ ነው።

እንዴት ይሠራል? ድምፃዊዋ ኢ ፍላት ላይ ትነሣና በአንድ ትንፋሽ፣ በ4 ምት ውስጥ፣ ወደ ኢ ሳትደርስ ትውጣ። መድረስ የለባትም። መቃኛ መሣሪያ ከፍታችሁ ብታዩት መርፌው መካከል ላይ መቆየት አለበት። ሳክስፎኑ በከንፈር ይጎትተዋል። ቤዝ ጊታር ገመዱን ሩብ ቶን ያህል ገፋ ማድረግ ይችላል፣ ከ7ኛው ፍሬት ወዲያ ይቀላል፤ ከ3ኛው በታች ገመዱ ስለሚጠነክር አይሞከር። ኪቦርድ ግን አይችልም። ፒያኖ ተጫዋቾች ያገኙት ዘዴ ኢ ፍላትን ነክቶ ወዲያው ወደ ኢ መንሸራተት ወይም ሁለቱን አንድ ላይ መጫን ነው። የኪቦርዱን ፒች መንኮራኩር አትንኩ፤ ሁሉንም ኖታ አብሮ ስለሚያንሸራትት የሰከረ ይመስላል። ማሲንቆ ብታገኙ ግን አንዱን ዙር ለእሱ ስጡት፤ ፍሬት ስለሌለው መካከሉን ያለ ትግል ያወጣዋል።

ትዝታን ከብሉዝ ጋር ማያያዝ በስሜት እንጂ በድምፅ ብዙ አያስኬድም። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፣ ከመንፈሳዊ መዝሙሮቻቸው ከብዙዎቹ ጋር ይገጥማል፤ ይኼኛውን ማሳየት ትችላላችሁ። ትዝታ ማይነር ኢውንና ኤውን ፍላት ሲያደርግ ኤ ፍላቱ ከብሉዝ ያርቀዋል። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ የተለመደውን ሁለት አምስት አንድ የኮርድ ጉዞ ከጫናችሁ ቅኝቱ ይበተናል። አንድ የባስ ሐረግ ይደጋገም፣ ኪቦርዱ የሚይዘውን ኮርድ ከቅኝቱ አምስት ኖታዎች ብቻ ያውጣ።

የባሱ ክፍል ለ3-3-2፦ 1 ላይ ሥሩ፣ 4 ላይ አምስተኛው፣ 7 ላይ ኦክታቩ። ከ7 በኋላ ያለውን ክፍተት አትሙሉት። ጀማሪ ባሲስት ሁሉ እዚያ አንድ ተጨማሪ ኖታ ይወረውራል፣ ቀጣዩ 1 ኃይሉን ያጣል።


ጨርቆስ ድራመር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ኮንጋ የለንም፣ ከበሮ ግን አለ፤ ከበሮውን ብናስገባ ያስኬዳል? የቀብሩን ሰልፍ በአምስት ሰው እንዴት እናሳይ?


ራይድና ሃይሃት፦

ከበሮ ይሆናል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግን ተዉት። የማኅሌት ከበሮ ንዋየ ቅድሳት ነው፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ከአዳራሹ ግማሹ ሙዚቃውን ትቶ እሱን ነው የሚያየው። የሠርግ ከበሮ ወይም አታሞ ይበቃል። ከበሮው ደወሉን አይጫወት፤ ቆዳ ለደወል ይደፈናል፣ መሪው ምት ከሁሉም በላይ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት። ደወሉን ለድምፃዊዋ በካውቤል ስጧት፣ ከበሮው 3 በ2ን ይያዝ።

የቀብሩን ሰልፍ በሁለት ክፍል አድርጉት። ወደ መቃብር ሲሄድ ዘገምተኛ መዝሙር ነው፣ 50 አካባቢ። ስኔሩን አፍኑት፦ የሥረኛውን ሽቦ ማላቀቅ ወይም በሽቦውና በቆዳው መካከል መሐረብ ማስገባት። የኒው ኦርሊንስ ድራመሮች ልማድ መሐረቡ ነው፣ ለዓይንም ያምራል። ቤዝ ድራም 1 እና 3 ላይ ብቻ። ሬሳው ከተሸኘ በኋላ መሐረቡን አውጡ፣ ስኔሩ ጥሪውን በሮል ያሰማ፣ ከዚያ 100 አካባቢ ይነሣ።

እዚህ ቤዝ ድራሙ የሁለት ባር (እያንዳንዱ አራት ምት) ዑደት አለው። የመጀመሪያው ባር 1 እና 3 ነው፤ በሁለተኛው ባር 4ኛው ምት ላይ ትልቁ ቡጢ ይመጣል። «ቢግ ፎር» የሚሉት እሱን ነው፣ ለበዲ ቦልደን ባንድ የሚሰጡት። የሰልፍ ማርሽ ጃዝ የሆነው እዚያች ምት ላይ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ስኔሩ ላይ ያለው ችግር ደግሞ ስሜቱ ነው፦ ቀጥ ካለ ወታደራዊ ሰልፍ፣ ሙሉ ትሪፕሌት ከሆነ ሻፍል ይሆናል። የኒው ኦርሊንሱ በሁለቱ መካከል ነው። የሚገኘው በመቁጠር አይደለም፤ ሮሉን ሳታቋርጥ በግራና በቀኝ እጅ እየተጫንክ አክሰንቱን ብቻ በ3-3-2 ስታወጣ በራሱ ይላላል። ዱላህን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አታንሣ።


አትላንታ ሳክስ፦

ከዚህ ላይ የምጨምረው የአቀራረብ ነገር ነው። ይህን ሰልፍ የሚያዘጋጁት እዚያ የመረዳጃ ማኅበራት ናቸው፤ ልክ እንደ እኛ እድር ወርኃዊ መዋጮ ሰብስበው የአባሉን ቀብር ይከፍላሉ፣ ባንዱንም የሚቀጥሩት እነሱ ናቸው። ለተማሪዎቹ ይህን ብትነግሯቸው ሙዚቃው ለምን መጀመሪያ አዝኖ በኋላ እንደሚጨፍር ብዙ ማብራራት አያስፈልጋችሁም። ከባንዱ ጀርባ የሚከተለው ሕዝብ ሁለተኛው ሰልፍ ይባላል፤ ተማሪዎቹን አስነሥታችሁ እነሱን ሁለተኛ ሰልፍ አድርጓቸው፣ መሐረብ ይያዙ። ዳር ቆሞ የሚያይ ተመልካች የሚባል ነገር በዚህ ሙዚቃ ውስጥ አልነበረም።

በሌላ በኩል የኩባን የአምልኮ ምቶች ከቪዲዮ ላይ አንሥታችሁ እንዳትጫወቱ። ሳንቴሪያ የሚባለው የኩባ እምነት ባታ ሦስት ከበሮዎች ናቸው፣ ኢያ፣ ኢቶቴሌና ኦኮንኮሎ። የተቀደሱትን የሚመታቸው ለዚያ የተሾመ ሰው ብቻ ነው፤ ለመድረክ አቤሪኩላ የሚባሉ ያልተቀደሱ አሏቸው፣ እነሱም ቢሆኑ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት አላቸው። ኩባዊው የኮንጋ ተጫዋች ቻኖ ፖዞ በ1947 በመለከተኛው በዲዚ ጊለስፒ ቢግ ባንድ ውስጥ አባኩዋ የተባለውን የኩባ የምስጢር ማኅበር ዝማሬ ሲያሰማ የማኅበሩ አባል ሆኖ ነው። እናንተ ከሪንግ ሻውቱ የዱላውን ምትና አውራጅ ተቀባዩን ውሰዱ፣ ይበቃል።

የመንፈሱን ነገር በጃዝ ውስጥ ለማሳየት ደግሞ ኮልትሬን በታኅሣሥ 1964 የቀዳው «ኤ ላቭ ሱፕሪም» አራተኛው ክፍል አለላችሁ። አያቱ የኤ ኤም ኢ ጽዮን (የጥቁር አሜሪካውያን) ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በዚያ ክፍል ሳክስፎኑ የሚነፋው ኮልትሬን ራሱ የጻፈውን ጸሎት ነው፣ ቃል በቃል፣ ክፍለ ቃል በክፍለ ቃል፤ ጽሑፉን ይዞ የሚያዳምጥ ሰው መከተል ይችላል። የጥቁር ሰባኪ ስብከቱን ወደ ዜማ ሲያነሣ የሚያደርገው ነው። ለሳክስፎኒስታችሁ የሚሆን ልምምድ ላቅርብ፦ አንድ አራት መስመር የአማርኛ ጸሎት ይምረጥ፣ መጀመሪያ በቀስታ ያንብበው፣ ከዚያ ድምፁ የወጣበትንና የወረደበትን ቦታ በቀስት ምልክት ያድርግ፣ ከዚያ በሦስት ኖታ ብቻ ይንፋው፣ ለአንድ ክፍለ ቃል አንድ ኖታ። የጠበቀ ፊደል ሲመጣ ኖታውን በምላሱ ይቁረጥ። ድራሙ ምት አይያዝ፤ በለስላሳ ማሌት ሲምባሉን ያንከባልል፣ ባሱ አንድ ሥር ይያዝ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሳክስፎኒስቱ በሁለተኛው መስመር ላይ ቃሉን ረስቶ ሶሎ ሲጀምር ነው። ጽሑፉ ከፊቱ ስታንድ ላይ ይቀመጥ።


ባለ አምስት ገመድ፦

የ40 ደቂቃው አከፋፈል፦ ለሪንግ ሻውቱ 6፣ ለደወልና ለራይዱ 8፣ ለሰልፉ 8፣ ለብሉዙ 7፣ ለጸሎቱ 5፣ ለኢትዮ ጃዙ 6። መጀመሪያ ደወሉን ከሰልፉ ጋር አታከታትሉት ልላችሁ አስቤ ነበር፣ ከ12 ወደ 8 ቆጠራ መዝለል ስላለው፤ ነገር ግን ቤዝ ድራሙ ለ4 ዑደት ብቻውን እግሩን ከያዘ ሌላው በላዩ ሊቀይር ይችላል። የሰልፉን ፈጣን ክፍል ቴምፖ ከደወሉ እግር ጋር እኩል 100፣ ዘገምተኛውን ደግሞ ግማሹን 50 አድርጉት፣ ሽግግሩ ያለ ቆጠራ ይሄዳል።